አሌክሳንደር ስቲቨንስ መገንጠልን ሲቃወም ምን እያሰበ ነበር?

አብርሃም ሊንከን ኖቬምበር 6 ቀን 1860 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደቡባዊቷ ግዛት የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች በያኔዋ ዋና ከተማቸው በሚሌጅቪል ሊሰበሰቡ ነበር። ኖቬምበር 13 ማታ ሴናተር ሮበርት ቱምብስ ፊታቸው ቀርቦ ከኅብረቱ፣ ማለትም ከዩናይትድ ስቴትስ፣ ሳንውል ሳናድር እንገንጠል አላቸው። በማግስቱ ማታ ተራው የወዳጁ የአሌክሳንደር ስቲቨንስ ሆነ። ስቲቨንስ ክብደቱ ሃምሳ ኪሎ የማይሞላ በሽተኛ ሰው ነበር፤ ከ1843 እስከ 1859 ጆርጂያን ወክሎ በኮንግረስ ተቀምጧል።

ንግግሩ የድምፅ ሒሳብ ነው። ሊንከን የተመረጠው በሕገ መንግሥቱ መሠረት ስለሆነ መመረጡ ብቻ ኅብረቱን ለማፍረስ አይበቃም አለ። በተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ በሴኔት አብላጫው ድምፅ የተቃዋሚዎቹ ነው፤ ሴኔቱ ካልፈቀደ ሚኒስትር እንኳ መሾም አይችልም። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነገር እስኪያደርግ እንጠብቅ፤ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተይዘው እንዳይመለሱ ሕግ ያወጡት የሰሜን ግዛቶችም ሕጋቸውን እንዲሽሩ እንጠይቅ፤ ይህ ነበር ሐሳቡ።

ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ግን የደቡብ ሴናተሮች ከወንበራቸው እስካልተነሱ ድረስ ብቻ። ደቡብ ካሮላይና ዲሴምበር 20 ወጣች፤ በጃንዋሪ 9፣ 10 እና 11 ሚሲሲፒ፣ ፍሎሪዳና አላባማ ተከተሏት። ጃንዋሪ 21 ጄፈርሰን ዴቪስና ሌሎች የደቡብ ሴናተሮች ተሰናብተው ሄዱ። በዚያው ቀን ሴኔቱ ካንሳስ ባርነት የሌለባት ግዛት ሆና እንድትገባ አጸደቀ። ስቲቨንስ የተማመነበትን አብላጫ ድምፅ ያፈረሱት ተገንጣዮቹ ራሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛው ክፍተት የራሱ ነው። መገንጠል ጥበብ አይደለም አለ እንጂ መብት አይደለም አላለም። ውሳኔው የሕግ አውጪዎቹ ሳይሆን የሕዝቡ ስለሆነ ጉባኤ ይጠራ አለ፤ ጆርጂያ እወጣለሁ ካለች ደግሞ አብሯት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተናገረ። ተቃውሞውን ገና ከጅምሩ ያላላው ይህ ቃሉ ይመስለኛል። ጉባኤው ምን እንደሚወስን እርግጠኛ ላልሆነ ተቃዋሚ፣ ከተሸነፍኩ እከተላችኋለሁ ማለት አደገኛ ውል ነው።

የጉባኤው ተወካዮች ጃንዋሪ 2 ቀን 1861 በከባድ ዝናብ ተመረጡ። አገረ ገዥው ጆሴፍ ብራውን የድምፁን ውጤት ቶሎ አላወጣም፤ ኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ሁለቱ ወገኖች እጅግ ተቀራርበው ተገኙ። ስቲቨንስም ተወካይ ሆኖ ገባ። ወሳኙ ድምፅ የተሰጠው ጃንዋሪ 18 ነው። የደቡብ ግዛቶች በጋራ ይምከሩ የሚል የኸርሼል ጆንሰን አማራጭ ቀርቦ ነበር፤ እንገንጠል የሚለው ግን በ166 ለ130 አለፈ። በማግስቱ አዋጁ ራሱ ሲቀርብ 208 ደገፉ፣ 89 ተቃወሙ። በአንድ ሌሊት ብዙ ተቃዋሚ ወደ አሸናፊው ተሻገረ። ስቲቨንስ ከ89ኙ አንዱ ነበር። ልክ ሦስት ሳምንት ሲሞላ ግን፣ ፌብሩዋሪ 9፣ ሞንትጎመሪ ላይ የኮንፌደሬሽኑ፣ ማለትም የተገንጣዮቹ አዲስ መንግሥት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ይህን እንደ ክህደት የሚያዩት አሉ። እኔ አላየውም፤ ዓላማው ከመጀመሪያውም አልተለወጠም። በ1860 ቆጠራ ከጆርጂያ 1,057,286 ሕዝብ ውስጥ 462,198ቱ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ስቲቨንስ ራሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ባርነት ከኅብረቱ ውጭ ከሚሆን ይልቅ በኅብረቱ ውስጥ የተሻለ ጥበቃ አለው ብሎ ያምን ነበር። ተቃውሞው ሁሉ እዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሊንከን ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ሁለቱ ከ1847 እስከ 1849 በተወካዮች ምክር ቤት የዊግ ፓርቲ ባልደረቦች ነበሩ። ሊንከን የሚሌጅቪሉን ንግግር ቅጂ ጠይቆ ተጻጻፉ፤ ዲሴምበር 22 በላከለት ደብዳቤ፣ በደቡብ ባለው ባርነት ጣልቃ እንደማይገባ ካረጋገጠለት በኋላ ልዩነታቸውን አስቀመጠ፦ እናንተ ባርነት ትክክል ነው፣ ይስፋፋም ትላላችሁ፤ እኛ ስህተት ነው፣ ይገደብም እንላለን።

ማርች 21 ቀን 1861 ስቲቨንስ ሳቫና ላይ የአዲሱን መንግሥት ሕገ መንግሥት ሲያብራራ፣ የመንግሥቱ የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እውነት ነው አለ። ደቡብ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከተሸነፈ በኋላ በሁለት ቅጽ በጻፈው መጽሐፍ ግን ጠቡ የግዛቶች ሥልጣን ጉዳይ እንደነበር ተከራከረ።

ስለዚህ ስቲቨንስን የሚያነብ ሰው በቅድሚያ ቀኑን ይመልከት። ከጦርነቱ በኋላ የጻፈውን ከማመኑ በፊት ጆርጂያ በጃንዋሪ 29 ቀን 1861 ለምን እንደወጣች ያስረዳችበትን ሰነድ ያንብብ። ሰነዱ ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ባርነትን ያነሳል።