ሳንታ ማሪያ ዴል ማርን በሦስት እርሳስ

ባርሴሎና ውስጥ፣ ላ ሪቤራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ያለውን የሳንታ ማሪያ ዴል ማር ቤተ ክርስቲያን ለመረዳት የመረጥኩት መንገድ መሳል ነው። ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ስለሆነ በእርሳስ ካልያዝኩት ነገር እምብዛም አይገባኝም። ካሜራ ጣሪያውን ባንዴ ይወስደዋል፤ ለሚስል ሰው ግን እያንዳንዱ መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ መወሰን ግድ ነው።

የተነሣሁት ከውጭ፣ ከጎን በር ነው። በሩን ከግራና ከቀኝ ያጀቡት ሁለት የድንጋይ ጽሑፎች አንዱ በላቲን፣ ሌላው በካታላን ሲሆኑ፣ ሥራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1329 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በማርች የማርያም በዓል፣ የሰርዴኛን ደሴት ድል ያደረገው የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ በነገሠበት ዘመን እንደተጀመረ ይናገራሉ። በዓሉ ማርች 25 የሚውለው ብሥራት ነው። በዚያ ዘመን አቆጣጠር ዕለቱ ከእኛ መጋቢት 29 ጋር አንድ ነበር፤ የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ኢትዮጵያም ያንኑ በዓል ታከብር ነበር ማለት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ጥግ ላይ በእኛ አቆጣጠር 1321 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩ።

ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ የሳልኩት ወለሉን ነው። ብዙ ጎብኚ ወዲያው ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ እኔ ግን ጣሪያን ከምሰሶ አቀማመጥ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ሰዎች እየጸለዩ ሜትር መዘርጋት ደስ ስለማይል በእርምጃ ለካሁ፣ ቁጥሩን በኋላ ከመጻሕፍት አመሳከርኩ። ምሰሶዎቹ ስምንት ማዕዘን ያላቸው፣ ጌጥ አልባና ለቁመታቸው ቀጫጭን ናቸው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 13 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ለመካከለኛው ዘመን ግንበኛ ትልቅ ድፍረት ነው። በመሠዊያው ዙሪያ ግን ምሰሶዎቹ በድንገት ተጠጋግተው በግማሽ ክብ ይሰለፋሉ። ሰፊው እርምጃ እዚያ ሲጠብ በእግሬ ታወቀኝ።

ቀጥሎ ሕንፃውን በሐሳብ ለሁለት ሰንጥቄ ቁመቱን ሳልኩ፤ ምስጢሩ የተገለጠልኝም በዚህ ሥዕል ላይ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ ጎቲክ፣ ማለትም በሹል ቅስት በሚታወቀው የመካከለኛው ዘመን የሕንፃ አሠራር፣ የመካከለኛው አዳራሽ ከጎኖቹ እጅግ ስለሚልቅ፣ የጣሪያውን ግፊት የሚቀበሉ የድንጋይ ክንዶች ከውጭ በአየር ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። እዚህ ግን የጎን አዳራሾቹ ከመካከለኛው ብዙም አያጥሩም። የመካከለኛው ጣሪያ ወደ ጎን ሲገፋ የጎኖቹ ጣሪያዎች፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንደቆሙ ሰዎች፣ ግፊቱን ተቀብለው ዳር ላሉት ወፋፍራም የድጋፍ ግንቦች ያስረክባሉ። በግንቦቹ መካከል የተረፈውን ቦታ ደግሞ ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች ሞሉት። ስለዚህ ሕንፃው ከመንገድ ሲታይ ዝርግ ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ወጥ ሰፊ አዳራሽ ይመስላል።

ታሪኩን ያጠናሁት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አሁንም አልቀይረውም፤ ስም የሚጸናው ማረፊያ ሲያገኝ ነውና። ሥራውን የመሩት በረንጌር ደ ሞንታጉትና ራሞን ዴስፑች ናቸው። ወጪውን የሸፈኑት የሰፈሩ ነጋዴዎች፣ የመርከብ ባለቤቶችና የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ባስታሾስ የተባሉት የወደቡ ተሸካሚዎች ከሞንጁይክ ተራራ የተፈለጠውን ድንጋይ በጀርባቸው አመላልሰዋል። ሰው ቸኩሎ የሚያልፈውን የዋናውን በር መዝጊያ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ጎንበስ ያሉ ትንንሽ የነሐስ ተሸካሚዎች ተለጥፈውበታል። የሥራው ፍጥነትም ከዚሁ ርብርብ የመጣ ይመስለኛል። የከተማዋ ካቴድራል በ1298 ተጀምሮ የፊት ገጹ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲጓተት፣ የሳንታ ማሪያ የመጨረሻው የጣሪያ መዝጊያ ድንጋይ በ1383 ገብቷል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሐሳብ የሚታይበትም ለዚህ ነው።

ከዚያ ሥዕሉን በዘመን ቀለም ለየሁት፤ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝም ይህ ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ጥቁር ሆነ። ከዋናው በር በላይ ያለው ትልቁ ክብ መስኮት ግን ሰማያዊ ነው፤ የመጀመሪያው በ1428 የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ብዙ ሰው ስለገደለ፣ የአሁኑ በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም በነበልባል መሳይ የድንጋይ ጥልፍ ተተካ። ቀዩ እርሳስ ከ1936 ወዲህ ያለውን ያሳያል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መባቻ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጥሎ እሳቱ 11 ቀን ቆየ፤ ባሮክ በሚባለው ጌጥ የበዛበት አሠራር የተሠራው መሠዊያም ወደመ። ጎብኚዎች ይህ ባዶነት የመሥራቾቹ ጥበብ እንደሆነ ሲያደንቁ እሰማለሁ፤ ምሰሶዎቹን በተመለከተ እውነት ነው፣ ራቁት የቀረው መሠዊያ ግን የእሳቱ ሥራ ነው። ዛሬ ሰው የሚወደው ገጽታ ከፊሉ የጥፋት ውጤት መሆኑ ቢከነክንም መዋቅሩን አጥርቶ ማየት ያስቻለኝ ግን እሱው ነው።

መሳል የሚሻ ሰው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ይሂድ፤ የምሰሶዎቹ ማዕዘን ያኔ በጥላ ይለያል። ጣሪያውን በጀርባው ለማየትም ወደ ሰገነቱ ይውጣ። ባለቀለም መስኮቶቹን ሲያልፍ ደግሞ ዝቅ ያሉትን ልብ ብሎ ይመርምር። በቀይ ካሰመርኩት ውስጥ አንዱ የባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ ዓርማ ነው፤ ክለቡ ለጥገናው ገንዘብ ስለሰጠ ከመስኮቱ ጥግ ገብቶለታል።