ሁለት ሰዓት ወይስ አራት ሰዓት? የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ለወንድሜ ያደረገው

ታናሽ ወንድሜን ባልፈጸመው የነፍስ ግድያ ከመፈረድ ያዳነ የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ክብርና ምስጋና ይድረሰው። ይህን የምጽፈው ቁሉቢ ላይ ስሳል «ያደረግህልኝን በአደባባይ እናገራለሁ» ብዬ ቃል ስለ ገባሁ ነው።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ቤት ውስጥ አላስተኛ ስላለ ወንድሜ እንደ ልማዱ የሽቦ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ተኝቷል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የቆርቆሮ በራችን ተደበደበና እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ከፈተች። ፖሊሶች ነበሩ። በዚያው ምሽት መጋላ በኩል አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ በስለት ተወግቶ መሞቱን፣ ወንድሜም ከሳምንታት በፊት ከሟች ጋር በገንዘብ ተጣልቶ ስለነበር መጠርጠሩን የሰማነው ቆይተን ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የነገረን አልነበረም። እናቴ «ልጄ ምን አደረገ?» እያለች ስትማጸን፣ በዕድሜ የገፋው ፖሊስ «እናቴ፣ ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» አላት። ሌላው ባትሪውን አልጋው ሥር አበራና የወንድሜን ጫማ አነሣ፤ ሶሉን ገልብጦ አየው፣ በጣቱ ዳበሰው፣ ከዚያም በፌስታል ቋጥሮ ያዘው። ያ ጫማ ለምን እንደሚፈለግ አልገባኝም ነበር። እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር።

ወንድሜን በባዶ እግሩ ወሰዱት። እኔ ተከትዬ ሄጄ ከጣቢያው በር ላይ እስኪነጋ ቆምኩ፤ እናቴ ደግሞ ግቢው መካከል ተንበርክካ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብላ ጀምራ «ከሌሊት ግርማ» ከሚለው ስትደርስ ድምፅዋ እየተቆረጠ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረች አነጋች። ጎረቤቶቻችን ተነሥተው ከበቧት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚያች ሌሊት አልተኛም፤ ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

ከዚያ በኋላ ዋስትና ተከለከለ፤ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠ መስቀልም ገናም አለፈ።

በእነዚያ ወራት እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር፤ አልሸሽገውም። ታኅሣሥ 19 ቁሉቢ ስወጣ፣ ሕዝቡ በእልልታ ስእለቱን ሲያገባ እኔ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጬ «ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ፣ የእኛ እሳት አይታይህም? ወይስ አንተም በሐሰት ለሚመሰክሩት ወግነሃል?» እያልኩ አለቀስኩ። የተሳልኩትም በዚያው ቍጣዬ ውስጥ ሆኜ ነው። ስመለስ ለንስሐ አባቴ የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። «ልጄ፣ ሶስና ሞት ከተፈረደባት በኋላ እግዚአብሔር ያዳናት በምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ዳንኤል በሐሰት የመሰከሩባትን ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠይቃቸው፣ አንዱ አንድ ዛፍ ሌላው ሌላ ዛፍ መጥራታቸውን አስታወሱኝና «ጸሎትሽን ሳታቋርጪ መዝገቡንም አንብቢ» አሉኝ።

በመንግሥት የቆሙለት ተከላካይ ጠበቃም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው ነገሩኝና ቅጂውን አብረን አነበብነው። ለጊዜ ቀጠሮ በቀረበው የመጀመሪያ ማመልከቻ ላይ ግድያው የተፈጸመው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው ይላል፤ አየሁ ያለው ምስክርም ቃሉን የሰጠው በዚሁ ሰዓት ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ግን ተጎጂው የደረሰው በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡40፣ ማለትም ከምሽቱ 2፡40 እንደነበር ይናገራል። ሰውዬው ሳይወጋ ለሕክምና ደርሷል ማለት ነው። ክሱ ሲጻፍ ሰዓቱ ምክንያቱ ሳይገለጽ 2 ሰዓት ሆነ፤ የቀረው ታሪክ ግን እንዳለ ተገለበጠ፦ «ተከሳሹ የደቻቱን አሸዋ በእግሩ አቋርጦ ወደ ከዚራ ሸሸ።»

በመጋላና በከዚራ መካከል ያለው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ሲዘንብ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደ፣ ከዚያ ወዲህ የድሬ ሰው ውኃው የመጣበትን ሰዓት አይረሳም። እኔም መዝገቡን እስካነብ ድረስ ልብ አላልኩትም እንጂ፣ በዚያ ምሽት ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ «ልጄ፣ የዒሻ አዛን ሲባል ውኃው እየጮኸ ነበር፤ መስጊድ ሳልሻገር የቀረሁት በእሱ ነው» አሉኝና ጎርፉን በስልኩ የቀረጸ የሰፈር ልጅ ፈልገው አመጡልኝ። ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቧል፤ ከውኃው ድምፅ ጋር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የሚባለው የዒሻ አዛንም ይሰማል። እንግዲህ 4 ሰዓት ከሆነ ካርዱ አይቀበለውም፤ 2 ሰዓት ከሆነ ወንዙ አያሳልፈውም። «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» የሚለውን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው የኖርኩ ሰው፣ ውኃ ራሱ መዳኛ ሆኖ ሲመጣ አየሁ።

በችሎት ጠበቃችን መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠይቁ ምስክሩ «አሸዋው ደረቅ ነበር፣ ሮጦ ተሻገረ» አለ። ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ ወንድሜ እንዲከላከል በየነ። እናቴ ያን ቀን ከችሎቱ ደጃፍ ወደቀች። በመከላከያ ቀጠሮ ግን ሐጂ ቀርበው መሰከሩ፣ ቪዲዮው ታየ፣ በመጨረሻም የዚያ ሌሊት የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች) መዝገብ ተነበበ፦ «አንድ ጥንድ ጫማ፤ ደረቅ፣ ጭቃም ደምም የሌለበት።» ይህን የጻፈው በባትሪ ሶሉን ያየው ፖሊስ ነው። ያየውን እንዳየ ስለጻፈ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስበዋለሁ። ወንድሜ በነጻ ተሰናበተ፤ ሐጂ በደስታ ሲያለቅሱ እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አንሥተው አቀፏት።

የሟች እናት ግን አሁንም ጥቁር ለብሳለች፤ የልጇን ደም ያፈሰሰው አልተገኘም። በሙት ዓመቱ እኔና እናቴ ፈርተን ወደ ቤቷ ሄድን። ቡና አፍልታ አስቀመጠችንና «ወንድምሽ ካልሆነ ማን ነው? ሰዓቱንስ ማን ለወጠው?» አለችኝ። ምርመራው እንደገና እንዲከፈት የሚጠይቀውን ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን፤ ሁለቱን ሰዓትና የካርዱን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ለመለወጡ መልስ እንዲሰጥ ጠየቅን። ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ለእርሷም እውነቱ እንዲገለጥላት በጸሎታችሁ አስቧት።