የተቆረጠው ሥጋ የት ይሄዳል?

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጓደኛዬ ደወለች። በቅርቡ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስቀንሳለች። ለውበት ብላ አይደለም፤ የጀርባና የአንገት ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷት ነው። የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ትከሻዋ ላይ የቆፈረውን ቦይ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣት ያስገባል።

«ውጤቱ መጣ» አለችኝ።

የምን ውጤት? ለካ የተቆረጠው ሥጋ ዝም ብሎ አይጣልም። የቀኙና የግራው በየዕቃው ተለይቶ፣ ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት) ይሄዳል። የሆነ ነገር ቢገኝ ከየትኛው ጡት እንደመጣ መታወቅ አለበትና። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይገኝም። የእሷ ግራ ላይ ግን መልካቸው የተዛባ ሴሎች ተገኙ። ካንሰር አይደለም። ግን ወደፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድልን ወደ አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳችው ማሞግራም (የጡት ራጅ) ንጹሕ ነበር!

«አዲስ አበባ ለእማዬ አልነግራትም፣ ትጨነቃለች» አለች። ንገሪያት አልኳት። እህቶቿ ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ይኑራቸው እንጂ! እኛ ጋ በሽታ ይደበቃል። የኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ሐኪም ጋ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ጡት ለማስቀነስ ያሰባችሁ እህቶች፣ «ሥጋው ይመረመራል ወይ? ውጤቱንስ መቼ አገኛለሁ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወረቀቱን ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

እሷ የጡት ስፔሻሊስት ቀጠሮ ይዛለች። አብሬያት እሄዳለሁ።