ቺንጋ የሚጥል መኪና

መኪናችን ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) መጣል የጀመረው ሰኔ ግድም ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ቆይቶ ረጅም መንገድ በወጣን ቁጥር ሆነ። ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ ቀኑን ሙሉ ብመላለስ ምንም አይለውም። ከከተማ ወጥቼ 80 ስረግጥ ግን አመሉ ይነሳበታል።

መኪና ስል ሚኒቫን ነው። ባለ ናፍጣ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ግን ጎበዝ። ዘመድ የበዛበት ሰው ሚኒቫን መግዛት የለበትም የሚል አቋም አለኝ። አንዴ ከገዛህ ለቅሶው፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ ሁሉ ባንተ ጎማ ነው። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። እሷ እንደምትለው ዘመድ የሚጠይቀን መኪናውን ስንገዛ ሳይሆን ከመግዛታችንም በፊት ነበር፤ ያኔ ግን በባጃጅ ነበር የምናደርሳቸው።

የድሮ መኪኖች ለየዕቃው የየራሱ ቀጭን ቺንጋ ነበራቸው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይሠራል። የእኔው አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ብቻ ነው ያለው። ከሞተሩ ዘንግ ላይ ካለው ትልቁ ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ይነሳና ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪ ፓምፑን፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር አዳርሶ ይመለሳል። አጥብቆ የሚይዘው አንድ ባለ ስፕሪንግ መወጠሪያ አለ። ቺንጋው ሲወድቅ እንግዲህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ይፈታል። የባትሪ መብራት ይበራል። መሪው አልዞር ይላል። የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይጓዛል።

ሐምሌ ላይ ከወረታ ስንመለስ ጉማራ ድልድይ ሳንደርስ ጣለው። ክርስትና ውለን ነበር። ግራና ቀኙ ውሃ የተኛበት የፎገራ ሩዝ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ከኋላ አይሱዙ እየነፋብኝ። እንደምንም መሪውን ታግዬ ጥግ ያዝኩና ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁ። የውሃ ፓምፑ ሳይዞር መንዳት ሞተሩን መቀቀል ነው። ‹ትንሽ ልሂድበትና ከተማ ልግባ› የሚል ሰው ቴስታ (የሞተሩን ራስ) ለማስቀየር ይዘጋጅ።

ኋላ የተቀመጡት አክስቴ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። “ልጄ፣ ይሄ መኪና የሚጥለው እኛ ስንሞላበት ነው ወይስ ባዶውንም ይጥላል?” አሉኝ።

ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነትም ባዶውን ጥሎ አያውቅም። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር የነበረው የእሳቸው ነው፤ የሌላው ሁሉ ምክር እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

መወጠሪያውን በረጅም መፍቻ ስቤ ቺንጋውን መለስኩት። ቀስ ብለን ሐሙሲትን አልፈን፣ በዘንዘልማ በኩል፣ አባይን ተሻግረን ቤታችን ገባን።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምክር መዓት ነው። ጎረቤቴ “ቺንጋ ቀይር” አለ። ባጃጅ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ “ቺንጋ ቀይር” አለ። መለዋወጫ ሻጩማ ገና ሳልጨርስ ቺንጋውን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን እያራገፈ ነበር። ለነገሩ ያኔ የነበረው ቺንጋ ራሱ አዲስ ነው። አሮጌው በሰኔ ተቀይሯል። ልኩም ትክክል ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ቀላል ነው። 6ፒኬ2100 ቢል ለምሳሌ፣ ስድስት መስመር አለው፣ ርዝመቱ 2100 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የእኔው ከአሮጌው ጋር በቁጥር አንድ ነበር። አዲሱም ወደቀ።

ነገሩ ይገባኛል። መንገድ ዳር ስትቆምና ኮፈኑን ስትከፍት ተጋድሞ የምታገኘው ቺንጋውን ነው። የጣለው አካል ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማን ይጠረጠራል?

ሌላው ተከሳሽ ውሃ ነበር። ክረምት ነው፣ የባሕር ዳር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ኩሬ ነው፣ ስለዚህ ውሃ እየረጨበት ነው ተባለ። ውሃ ቺንጋን ያንሸራትታል፣ ያስጮኸዋል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ካልገቡበት በቀር ግን ደህናውን ቺንጋ ከፑሊ ላይ አያወርደውም። ደግሞ ከጉማራ ወዲያ ማዶ ያለው አስፋልት በዚያ ቀን ደረቅ ነበር።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ፈጣን ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ መወጠሪያውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና “ይሄ ነው፣ ይቀየር” አለ። ሊሆን ይችላል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ክንዱ የተንጋደደ መወጠሪያ ቺንጋ ይጥላል። “በምን አወቅክ?” ስለው “ብዙ ጊዜ እሱ ነው” አለኝ። ‹ብዙ ጊዜ› በሚል ቃል ያን ያህል ብር ማውጣት አላማረኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሆነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ ጡረተኛው መካኒክ የላኩኝ አክስቴ ናቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየቶች እርዳታ ከተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከወጡት አንዱ ናቸው። አሁን ጋራዥ የላቸውም። ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎ ሥር፣ አንዳንድ ሰው እየመጣ ያስቸግራቸዋል። እኔም ሄጄ አስቸገርኳቸው።

ጋሼ መኪናውን ሳያዩ “የወደቀውን አምጣው” አሉ። አሮጌውን ቺንጋ መኪናው ውስጥ፣ ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጬው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጫፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ዙሪያውን ሄዱበት። በአንድ በኩል ያለው ጠርዝ ተበልቶ ክሩ እንደ ነጠላ ዘርፍ ወጥቷል። ሌላው ጠርዝ ደህና ነው። “በሁለቱም በኩል ቢበላ ሌላ ነገር እንፈልግ ነበር” አሉ። “ይሄ ግን አንዱ ፑሊ ከጓደኞቹ መስመር ወጥቶበታል።”

ከዚያ ሞተሩን አስነሱኝ። ጠዋት ጠዋት የምትሰማዋ ‹ጭር ጭር› አለች። ጋሼ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ውሃ ቺንጋው ላይ በትንሹ ረጩበት። ድምፁ ለአፍታ ጠፋ፣ ወዲያው ተመለሰ። ይሄም የመስመር ጉዳይ መሆኑን ይደግፋል አሉኝ። ውሃ ሲነካው ጩኸቱ ቢብስበት ላልቷል፣ ውጥረት አጥሮታል ማለት ነው። አክስቴም አብረውኝ መጥተው ስለነበር ሊያዩ ጠጋ ሲሉ ጋሼ ደነገጡ። “እመቤቴ፣ ነጠላዎን ይሰብስቡ! ሞተር ሲዞር ሰው አይለይም” አሉ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አምስት እርምጃ ወደኋላ ሄዱ። ከዚያ ሆነው ግን አስተያየት መስጠታቸውን አላቆሙም።

ሞተሩ ሲጠፋ ቺንጋውን አወጣነውና እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አዞርን። ይሄ እኮ ምንም ወጪ የለውም። የዲናሞው ኩሽኔታ ለስላሳ ነው። የውሃ ፓምፑን ወደላይ ወደታች ብንነቀንቀው አይላወስም። የመሪ ፓምፑ ደህና። የመወጠሪያው ትንሿ ፑሊ ትንሽ ደረቅ ድምፅ አላት፣ ክንዱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ስፕሪንጉም ኃይል አለው። ያ የጋራዡ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው። ለመውደቁ ግን ምክንያቱ እሷ አይደለችም።

ቀጥሎ ጋሼ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ብረት አመጡ። የፑሊዎቹ ፊት ላይ አጋደሙት። የዲናሞው ነካው። የኮምፕረሰሩ ነካው። ከታች ያለው ትልቁ ፑሊ ግን ወደ ሞተሩ በኩል ገባ ብሏል። ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በዓይን ብቻ አይታይም። ለቺንጋ ግን ሦስት ሚሊሜትር ብዙ ነው።

እኔ ያን ፑሊ አንድ ወጥ ብረት ነበር የሚመስለኝ። አይደለም። መሃሉ ላይ ከዘንጉ ጋር የሚታሰር እምብርት አለ፣ ዙሪያውን ከባድ የብረት ቀለበት አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጎማ አለ። ሞተር የሚዞረው በፍንዳታ ስለሆነ ዘንጉን እኩል አይገፋውም፤ እየመታ ነው የሚያዞረው። ናፍጣ ሲሆን ምቱ ይከብዳል። ያ ጎማና ያ ቀለበት የዘንጉን ንዝረት ይውጣሉ። ጎማው ከብረቱ ሲላቀቅ ቀለበቱ ብቻውን መንሸራተትና ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ቺንጋውም ያለው ቀለበቱ ላይ ነው።

“እርግጠኛ ነዎት?” አልኳቸው። አልተቆጡም። “ቀለም አለህ?” አሉ።

የባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ዳሽቦርዱ ውስጥ ነበር። ጋሼ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከእምብርቱ ጀምረው በጎማው ላይ አሳልፈው እስከ ቀለበቱ ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሳቡ። ሲደርቅ ቺንጋውን መልሰን ሞተሩን አስነሳሁ። ዘንዘልማ ድረስ፣ ኤሲውን ከፍቼ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጌ እያስጮህኩ ሄጄ መጣሁ። ቺንጋው አልወደቀም። ኮፈኑን ከፍተን በባትሪ ስናበራ ግን መስመሩ ለሁለት ተከፍሏል። እምብርቱ ላይ ያለው ቁራጭ ወደላይ ቢያመለክት፣ ቀለበቱ ላይ ያለው የሰዓት ሁለት ቁጥር ጋ ደርሷል። ከሁለቱ መካከል ያለው ጎማ ደግሞ አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጀርባ በኩል ወጥቷል። በጥፍሬ ስነካው ጥቁር ሆኖ ተላጠ።

የአክስቴም ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። መኪናው ሲሞላ ሞተሩ ይታገላል፣ ምቱም ሙቀቱም ይጨምራል። የላላው ቀለበት የሚሄደው ያኔ ነው። ከፔዳ ጊዮርጊስ ባዶውን ሲንሸራሸር ግን ለመንሸራተት ምክንያት የለውም።

ጎማውን ያበላሸው ዘይት ነው። ከፑሊው ጀርባ ዘንጉ የሚወጣበት ቦታ ላይ የዘይት ማገጃ ጎማ አለ፤ እሱ ላልቶ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ስለዚህ ፑሊውን ብቻ ቀይሮ መሄድ አዲሱንም ዘይት ማጠጣት ነው። ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

እዚህም ላይ ምክር አልቀረም። አንድ ወዳጄ “ቶርኖ ቤት ውሰደውና ቀለበቱን ከእምብርቱ ጋር በብየዳ ያያይዙልህ፣ እዳው ገብስ ነው” አለኝ። በርግጥ ቺንጋው አይወድቅም ነበር። ንዝረቱ ግን የሚውጠው ያጣና ወደ ዘንጉ ይመለሳል። ከጊዜ በኋላ ዘንጉ ራሱ ሊሰበር ይችላል። የብየዳው ክብደትም ሚዛኑን ያዛባዋል። ሌላው ደግሞ ያገለገለ ፑሊ በግማሽ ዋጋ አገኘሁልህ አለ። ብረት ቢሆን እገዛ ነበር። ጎማ ግን በዕድሜ ነው የሚሞተው፣ ያገለገለው ስንት ዓመት እንዳገለገለ ማን ያውቃል?

አዲሱ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ መጣ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ጋሼ በሥራው መሃል በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው የተቆጡት። አሮጌውን በመዶሻ ላወጣው ስል አንደኛ። “በፑለር፣ በመሳቢያ ነው የሚወጣው፣ ዘንጉን ልትገድል ነው?” አሉኝ። ሁለተኛው ብሎኑ ላይ ነው። የዚያ ብሎን እስር በክንድ ግምት አይሆንም፤ በቶርክ መፍቻ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ነው። ቶርክ መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ቺንጋው እያንዳንዱ መስመሩ በየቦዩ መግባቱን በጣቴ እየዳሰስኩ አረጋገጥኩ። አንድ ቦይ እንኳ ከዘለለ ይሄ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሞተሩን በእጅ አዙረን፣ እንደገና አየን፣ ከዚያ አስነሳን። ‹ጭር ጭር› የለም።

ጋሼ የተቀበሉኝ ብር ለመወጠሪያ ከተጠየቅኩት ሩብ አይሆንም። ልጨምርላቸው ስል አክስቴን ገላመጡ፤ እሳቸውም በዓይናቸው ተውው አሉኝ።

ለቡሄ ጎንደር ደርሰን መጥተናል። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ፣ ሙልሙል በጆንያ ተጭኖ። ቺንጋው ቦታው ላይ ነው። የመወጠሪያዋ ኩሽኔታ ግን ስንመለስ አዲስ ዘመን ከተማን ካለፍን ወዲህ ትንሽ ማጉረምረም ጀምራለች። ለእንቁጣጣሽ በግ መግዛት ስላለብኝ እሷ የጥቅምት ወጪ ናት።