30 ይበቃል ብዬ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዋልኩ። የጎረቤቴ እናት ከታች ሆነው «አንተ ልጅ፣ ዲሹ እምቢ አለህ እንዴ?» አሉኝ። ዲሽ አይደለም ብል ማን ይሰማኛል። የሬዲዮ አንቴና ነበር።

ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ፣ ፍላሽ የምታክል መቀበያ አለችኝ። ሞገዱን ስክሪን ላይ ታሳያለች። የማዘወትረውን የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ላይ ስንት ኪሎኸርዝ ስፋት እንደሚቀበል መሙላት አለብኝ። አሰብኩ፤ ኤፍ ኤም የሚያሰማው ድምፅ እስከ 15 ነው፣ ግራና ቀኝ ሲሆን 30። ሞላሁት።

ጋዜጠኛዋ ረጋ ብላ ስታወራ ይሰማል። ዘፈን ገብቶ ከበሮው ሲመታ ግን እንደተቀደደ ስፒከር ይንጫጫል። በአንቴናው አሳበብኩ።

ለካ ያ ስሌት የኤ ኤም ነው፤ ድምፁን በሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት የሚጭነው ዓይነት! በኤ ኤም ስፋቱን የሚወስነው የድምፁ ቅጥነት እንጂ ጩኸቱ አይደለም። እስከ 5 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ድምፅ 10 ይወስዳል፣ አለቀ። አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ዜና ሲያዳምጥ ተናጋሪው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ጣቢያዎቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ቀጭኑ ድምፅ ይቆረጣል።

ኤፍ ኤም ላይ ግን ድምፁ በጮኸ ቁጥር ሞገዱ ከቦታው ግራና ቀኝ ይርቃል፣ እስከ 75 ኪሎኸርዝ። እኔ በከፈትኩት በር ከበሮው እንዴት ይለፍ? ድሮ፣ ኤፍ ኤም ጠባብ ቦታ ይበቃዋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ጆን ካርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1922 ከኤ ኤም እንደማይጠብ በሒሳብ አሳየ። በስሙ የሚጠራው ቀመር ቀላል ነው፤ 75 ላይ 15 ደምር፣ እጥፍ አድርግ። 180። ያውም ለሞኖ፣ ግራና ቀኙ ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ለሚያሰማበት! በስቴሪዮ፣ ግራና ቀኙ ሲለያይ፣ የሚጫነው ሲግናል እስከ 53 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ ቀመሩ 256 ይላል። ጠርዙ ላይ ያለው ደካማ ስለሆነ 200 ላይ ስቆርጠው ግን ጆሮዬ ምንም አልለየም።

ከበሮው ጠራ። እኔን የገረመኝ ግን ስክሪኑ ነው። ጋዜጠኛዋ ትንፋሽ ስትስብ ያ ሁሉ ጉብታ እጥፍጥፍ ብሎ ቀጭን መስመር ይሆናል። ከግራና ከቀኙ 19 ኪሎኸርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ መስመሮች ቆመው ይቀራሉ፤ ስቴሪዮ መሆኑን ለሬዲዮው የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ቃል ስትጀምር እንደገና ይነፋል። እሱን ሳይ ዜናው አለቀ፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም።