ዝናቡን ያልሰማሁበት ሌሊት

ከባሕሩ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለች ሣር ክዳን ቤት ተከራይተን ሦስት ሌሊት አደርን። በሁለተኛው ሌሊት ዶፍ ወረደ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም! ቆርቆሮ ቢሆን እንቅልፍ አይታሰብም ነበር።

ጠዋት ወጥቼ የጣሪያውን ጠርዝ ዳሰስኩት። ሸምበቆው ጥቅጥቅ ብሎ ታስሯል፤ ውፍረቱ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። ላዩ ርሷል፤ ጣቴን ጠለቅ ሳደርግ ግን ደረቅ ነው። ምስጢሩ ቁልቁለቱ ነው። 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከሸምበቆ ሸምበቆ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አሸንዳ የለውም፤ ጠርዙ ወጣ ስላለ ጠብታው ከግድግዳው ርቆ ያርፋል።

እሳት ግን ያሰጋል። ሻማ አላበራንም።

ልጄ ትራሷን አቅፋ «እማዬ፣ ቤቱ ባሕር ባሕር ይሸታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጨውና ደረቅ ሣር።