ሹተር የሌለው ሌንስ ይዤ አንኮበር

ሌንሱ ፒያሳ አካባቢ ከተዘጋ የድሮ ፎቶ ቤት ዕቃ ውስጥ የወጣ ነው። ነሐስ ነው፣ መዳፍ ይሞላል፣ ይከብዳል። ሹተር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋ መዝጊያ፣ የለውም። የፎከስ ማዞሪያም የለውም። ካሜራ ላይ የሚያስረው ቀለበት የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በሁለት ጫፉ መስታወት ያለው ቱቦ ነው በቃ። ወገቡ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ ለእሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ፊትና ኋላውን ፈትቼ አየሁት። መንታ ናቸው፤ በየወገኑ ሁለት ሁለት መስታወት ተጣብቆ፣ በድምሩ አራት። ይሄ ራፒድ ሬክቲሊኒየር የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዳልማየር ለንደን ላይ፣ ስታይንሃይል ደግሞ ሙኒክ ላይ፣ በየፊናቸው ያወጡት ሥራ ነው። መንታ መሆኑ ያለምክንያት አይደለም። አንዱ ወገን የሚያጎብጠውን መስመር ሌላው መልሶ ያቃናዋል። ግድግዳና ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቢበዛ እስከ ኤፍ 8 ይከፈታል (ኤፍ የቀዳዳው ስፋት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ለዛሬ ሰው ጨለማ ነው፣ ለዚያን ጊዜ ግን «ፈጣን» ነበር።

አንኮበርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ምኒልክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን ያኔ ቤተ መንግሥቱ አንኮበር ነበር። ኢልግ ካሜራ የሚወድ ሰው ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶዎች ሳይ ሁሌ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ሰማዩ ባዶ ነጭ ነው። ደመና የለ፣ ምን የለ። ይህን በዘመኑ ሌንስ፣ እዚያው ቦታ፣ በራሴ እጅ ማየት ፈለግኩ።

ወዳጆቼ ሁሉ የሚመክሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ሹተር ግጠምለት»። የሚገጠም አለ። ፓካርድ የሚሉት ከሌንሱ ጀርባ ይታሰርና የጎማ ኳስ ሲጨመቅ በአየር ይከፈታል። ግን ከውጭ አስመጥቼ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ከፍዬ? ሌንሱ ራሱ ያን ያህል አላወጣም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሹተር የመጨረሻው ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ሌንሱ ቀጥ ብሎ፣ ብርሃን ሳያሾልክ ካሜራው ላይ መቀመጥ አለበት። ቀጥሎ ቀዳዳው ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሁለቱ ከተሟሉ የቀረውን የሌንሱ ክዳን ይሠራዋል፤ በእጅ አንስቶ መልሶ መክደን ነው።

አዲስ አበባ የጠየቅኳቸው ቶርኖ ቤቶች «ለአንዲት ቀለበት ማሽን አናስነሳም» ብለው መለሱኝ። ደብረ ብርሃን ግን የወፍጮ ዘንግ የሚያስተካክሉ አንድ ጋሼ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ከላምበረት ሚኒባስ ያዝኩ። ሸኖ ላይ ለቅቤ ቆምን፤ ሸኖ ደርሶ ለቅቤ የማይቆም መኪና እስካሁን አላጋጠመኝም። ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፤ ስለ ብርዱ ብዙ ተብሏልና ልለፈው።

ጋሼ ሌንሱን ተቀበሉኝና በጨርቅ ያዙት። መስታወቱን ዞር ብለውም አላዩት። ያዩት ቀለበቱ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ነው። የጥርስ መለኪያቸውን ከፈቱ፤ ጫፉ የተሞረደ የቆርቆሮ ምላስ በብዛት ያለበት ነገር ነው። አንዷን ምላስ ጥርሱ ላይ አስጠጉና ወደ መስኮቱ ቀና አድርገው አዩ። በመሃል ብርሃን ይታያል። ሌላዋን ሞከሩ፤ አሁንም ብርሃን። አንገታቸውን ነቀነቁና ከመሳቢያ ሌላ መለኪያ አወጡ። 24 የምትለዋን ሲያስጠጉ ብርሃኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ይሄ የኢንች ነው ልጄ» አሉኝ። «በሚሊ ሜትር ብቆርጥልህ አንድ ዙር ይገባና ነክሶ ይቀራል።»

በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ማለት ነው። ከድሮ ዕቃ የቀረች የአልሙኒየም ቁራጭ ማሽኑ ላይ አስረው ቀለበቷን ቆረጡ። ሌንሱን በቀስታ አዙረው ሲያስገቡት ሳይንገጫገጭ እስከ መጨረሻው ገባ። ያስከፈሉኝ ከምሳ ሂሳብ ብዙም አይበልጥ። «ለምንድነው ግን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለፎቶ ነው ስላቸው በኪሴ ወዳለው ስልክ አዩና ዝም አሉ።

ቀለበቷን ይዞ ካሜራው ፊት ላይ የሚገጠመውን የእንጨት ሰሌዳ እዚያው የሆቴል በረንዳ ላይ ሠራሁት። ባለ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው። ቀዳዳውን በቀጭን መጋዝ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀባሁት። በቀለበቷና በእንጨቱ መሃል የጥቁር ከፋይ ቁራጭ አስገብቼ በአራት ብሎን አሰርኩ። ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ ለማየት የስልኬን መብራት አብርቼ ካሜራው ውስጥ ከተትኩና የክፍሉን መብራት አጠፋሁ። ሌንሱ ተከድኖ ከውጭ አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ ከታየች ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስንጥቋ። እ.ኤ.አ. በ1858 ጆን ዋተርሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ቀላል ዘዴ አመጣ፤ መሃሉ የተበሳ ቆርቆሮ በሌንሱ ወገብ ማስገባት። ሰፊ ቀዳዳ ከፈለግክ አንዱን፣ ጠባብ ከፈለግክ ሌላውን። የኔ ሌንስ ቆርቆሮዎቹ ጠፍተዋል። ሩቅ ተራራ ላይ ፎከስ አደረግኩና ከስንጥቋ ምስሉ እስከሚያርፍበት የካሜራው ጀርባ ደብዛዛ መስታወት ድረስ ለካሁ፤ 24 ሴንቲ ሜትር። መንታ ሌንስ ስለሆነ ይህ አለካክ ለኛ ሥራ ይበቃል። 240 ሚሊ ሜትርን ለ32 ብናካፍል 7.5 ይመጣል፤ ስለዚህ 7.5 ሚሊ ስፋት ያለው ቀዳዳ ኤፍ 32 ነው። 5.3 ደግሞ ኤፍ 45። ከጥቁር ካርቶን ቆርጬ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። በቀበቶ መብሻው አንድ ባንድ በሳልኝ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ነሐስ ቱቦ የተሰካበት ሳጥን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ መስታወቱን ከፍቼ ኮረብታውን ሳሳያቸው ሳቅ ሆነና አለፍን።

ጎረቤላ ያደርኩባቸው እማማ የመንዝ በርኖስ አዋሱኝ። ከዚህ የተሻለ የካሜራ ጨርቅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ጥቁር ሱፍ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም፣ ነፋስ ቶሎ አያነሳውም። ያን ቀጭን ባለ ዚፕ ነገር ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች ገንዘባችሁን አትጨርሱ። እማማ ራሳቸው ገብተው ካላየሁ አሉ። በርኖሱን ከላይ አለበስኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፦

«ኧረ እመብርሃን! አገሩ ተገልብጧል እኮ!»

ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ መሬቱ እየወረደ እየወረደ አፋር ይገባል። ካሜራው ውስጥ የያዝኩት ፊልም ሳይሆን የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ነው፤ ለብርሃን ያለው ፍጥነት 6 አይኤስኦ ገደማ (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል)። ለሹተር አልባ ሌንስ ዘገምተኛ ነገር ነው የሚሻለው። በጠራ ፀሐይ በኤፍ 16 አንድ ስድስተኛ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ያንን በእጅ መክፈትና መዝጋት አይቻልም። ኤፍ 45 ላይ ግን 1.3 ሰከንድ ይሆናል፤ ኤፍ 64 ላይ 2.7። ይሄ ክዳን አንስቶ መልሶ ለመክደን በቂ ጊዜ ነው። ዘዴው ክዳኑን ወዲያው አለመንጠቅ ነው። መጀመሪያ ከሌንሱ ነቅለው እዚያው ፊቱ ላይ ያቆዩታል፣ የካሜራው ንቅናቄ ይረጋል፣ ከዚያ ወደ ላይ አንስተው ይቆጥራሉ። ነፋሱ የካሜራውን ተጣጣፊ ወናፍ እየነፋ አስቸግሮኝ ነበር፤ ከካሜራው እግሮች መሃል ድንጋይ በገመድ አንጠልጥዬ ረጋ።

ማታ በቀይ አምፖል ስር ወረቀቱን አጠብኩ። አፋር የለም! ኮረብታው አለ፣ ጥዱ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ድፍን ጥቁር ነው፤ ወረቀቱ ብርሃንና ጥላ የሚገለበጥበት ኔጋቲቭ ስለሆነ ሲታተም ነጭ ይሆናል። ወረቀቱ የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የርቀት ጉም ደግሞ ሰማያዊ ነው። ዓይኔ ጥርት አድርጎ ያየውን ቆላ ወረቀቱ ዋጠው። የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች የመስታወት ሰሌዳም ለሰማያዊ ብርሃን የሚያደላ ነበር። ባዶው ሰማይ ከዚያ ነው የመጣው፤ በሌንሱ አይፈረድም። ሌንሱማ በኤፍ 45 ከጥግ እስከ ጥግ ስለት ነው። በኤፍ 8 ግን መሃሉ ብቻ ነው ጥርት የሚለው፤ ዳር ዳሩ ይቀልጣል። ለሰው ፊት እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ችግሩ ብርሃኑ ይበዛል።

ለጣርማ በር ሌላ ነገር ይዤ ነበር፤ የራጅ ፊልም። ሆስፒታሎች ወደ ዲጂታል እየዞሩ ስለሆነ በርካሽ ይገኛል። ከወረቀቱ በብዙ ይፈጥናል፣ 80 አድርጌ ነው የምቆጥረው። በሁለቱም ገጹ ኬሚካል ስለተቀባ ጥፍር እንኳ ቢነካው ይጫራል፤ የማጥቢያ ሳህኑ ስር ለስላሳ መስታወት አነጥፋለሁ። በፀሐይ ለዚህ ሌንስ ይፈጥንበታል። ጣርማ በር ላይ ግን ጉም አለ። ዋሻው አፍ ስንደርስ አስር እርምጃ አይታይም ነበር።

አንድ አባት በግ ይዘው መኪና ይጠብቃሉ። አስፈቀድኳቸው። «ስንት ሰዓት ያስቆመኛል?» አሉ። ሁለት ሰከንድ አልኳቸው። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደገፍኩ፤ የጥንት ፎቶ ቤቶች ለዚህ ከኋላ የሚቆም የብረት ጭንቅላት መደገፊያ ነበራቸው። ከፊታቸው 1.2 ሜትር ላይ ቆምኩ። ለዚህ ቅርበት ወናፉ 30 ሴንቲ ሜትር መዘርጋት አለበት። ወናፉ ሲዘረጋ ብርሃኑ ስለሚደክም ጊዜው መጨመር አለበት፤ ስንት እጥፍ እንደሆነ ለማወቅ 30ን ለ24 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው፤ 1.56 ይመጣል። ጉሙ በኤፍ 32 ከአንድ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ያለ ይፈልግ ስለነበር፣ ሁለት። ክዳኑን አነሳሁ። አባት አልተንቀሳቀሱም። በጉ ተንቀሳቀሰ።

ፎቶው ላይ ፊታቸው፣ የጋቢያቸው ጥለት፣ የጺማቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። በጉ ግን ሁለት ራስ አለው። አንድ ቅጂ አትሜ በደብረ ሲና መኪና ላክሁላቸው። ሹፌሩ ፖስታውን ሲቀበል ሂሳብ አልጠየቀኝም፤ «ለኔም አንድ ታነሳኛለህ» ብሎ ሄደ። ለእሱ ኤፍ 8ን እሞክራለሁ፤ ጨለም ያለ ቀን ከተገኘ፣ በወረቀት።